በአዳራሹ የጠየቅኳቸው ሰው

ባለፈው ሳምንት ከሠልጣኞቼ አንዷ የሞላቻቸውን ቅጾች ዲላ፣ ቢሮዬ ድረስ አመጣችልኝ። ጽሑፏ ያምራል፤ የተዘለለ ጥያቄ የለም። «መጠጥ» በሚለው ቦታ ሁሉም ላይ «አይጠጡም» ይላል። ሳየው የራሴ ነገር ትዝ አለኝና ፊቴ ጋለ።

በሥነ ልቦና ዶክትሬቴን ይዤ «እንግዲህ ተማርኩ» ባልኩ ማግስት ነው እንደገና ሠልጣኝ የሆንኩት። የምርምር ሥልጠናው ክፉ ነገር የደረሰበት ሰው ከመጠጥና ከጫት ጋር እንዴት እንደሚቆራኝ የሚያጠና ነበር። ለእኔ የደረሰኝ ገደብ የምትባለው ከተማ ነች፤ ተፈናቅለው የተመለሱ ሰዎችን እጠይቃለሁ። «እጠጣለሁ» ያለ ሰው ስሙ ለሕክምና ክትትል ይተላለፋል፣ «አልጠጣም» ያለ ይቀራል።

ጸጥ ያለ ቦታ ስፈልግ የአንድ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አዳራሻቸውን ሰጡኝ። ወንበሩን አሰናድተው፣ በሩ ላይ ተቀምጠው ሰዉን በተራ ያስገቡልኛል። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ጋሽ በራሶ የሚባሉ የቡና ገበሬ ሲፈርሙ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። «አልጠጣም» አሉ፤ ጻፍኩ።

ዲላ ስመለስ አሠልጣኛችን፣ ቀልድ የማይጠፋባቸው አዛውንት ሐኪም፣ ቅጾቹን አገላብጠው ሳቁ።

«ገደብ ውስጥ አንድም የሚጠጣ ሰው የለም? ልጄ፣ የት አስቀምጠሽ ነው የጠየቅሻቸው?»

«ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ።»

ሳቃቸውን አቆሙ። ለእኔም ያኔ ገባኝ። እዚያ ጉባኤ ውስጥ የሚጠጣ ምእመን ከአገልግሎት ይታገዳል፤ እኔ ደግሞ ሽማግሌዎቹን ደጅ አስቀምጬ ሰውን ኃጢአቱን አስቆጥራለሁ።

በማግስቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ተመልሼ ሄድኩ። የቡና ለቀማ ወቅት ስለነበር ከይርጋጨፌ ጀምሮ የእርጥብ ቡና ገለፈት ሽታ በመስኮት ይገባል። ጋሽ በራሶን ማሳቸው ውስጥ፣ እንሰቱ አጠገብ አገኘኋቸው። ቅርጫት አቀበሉኝ፤ ጎን ለጎን ቆመን ቀይ ቀዩን እየለቀምን ብዙ ቆየን። ቅጹን ከቦርሳዬ አላወጣሁም።

«ልጄን መንገድ ላይ ቀበርኩ» አሉ ድንገት፣ ዓይናቸውን ከቅርንጫፉ ሳያነሱ። «ካልጠጣሁ ይጠራኛል። እጠጣለሁ ካልኩ ደግሞ ከኳየር ያስወጡኛል። ስዘምር ብቻ ነው ደህና የምሆነው። ምን ልበልሽ ታዲያ?»

ባለሙያ አያለቅስም ይባላል። እኔ ግን አለቀስኩ። ወረቀቱ ሽማግሌዎቹ ዘንድ እንደማይደርስ፣ ክትትሉም ጤና ጣቢያ እንደሆነ ነገርኳቸው። ቅርጫታቸውን መሬት አኖሩ።

«እንግዲያው ጻፊ» አሉ።

መጠጡን እስኪተዉ ብዙ ጊዜ ወድቀው ተነሥተዋል፤ መዝሙሩን ግን አላቋረጡም።

ይህን ታሪክ ለሠልጣኞች ስነግር ኖሬያለሁ፤ ሁልጊዜም ስለ ቦታ አመራረጥ ትምህርት አድርጌ። አንድ ነገር ግን እዘል ነበር። ለዚህችኛዋ ነገርኳት። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ አረቄው ከጋሽ በራሶ ትንፋሽ ይሸተኝ ነበር። እየሸተተኝ ነው «አይጠጡም» ብዬ የጻፍኩት፤ ቅጹ አምሮ እንዲያልቅልኝ።

ልጅቷ ወረቀቶቿን ቀስ ብላ ሰበሰበች።

«እኔም ከአንዲት እናት ትንፋሽ ሸትቶኝ ነበር» አለች። «ቤታቸውን አውቀዋለሁ።»