ከጎረቤት የማይደበቅ እንቅልፍ

ማካሬታ አንዲት የደሴት መንደር ዳር ከጀልባዋ ስትወርድ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ራሰ። አርባዎቹን አጋምሳለች። ሌቩካ ከተማ ውስጥ ብዙ ዓመት አስተምራ፣ ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ካበቃች በኋላ ነው ዋና ከተማዋ ሱቫ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሥነ ልቦና መማር የጀመረችው። እናቷ ለምረቃው ቀን የሚነጠፍ፣ ጠርዙ በቀይ ክር የተሸለመ ሰሌን ሠርታላታለች። ምረቃው በተራዘመ ቁጥር አሮጊቷ ሰሌኑን እያወጣች ፀሐይ ታስመታዋለች። "ፍጠኚ፤ አለዚያ እኔው ተጠቅልዬበት እቀበራለሁ" ትላታለች።

የመጀመሪያው ጥናቷ የከሸፈው ሴቶቹን አንድ ላይ ሰብስባ በመጠየቋ ነበር። የመንደሩ አለቃ ሚስት ቀድመው መለሱ፤ የቀሩት በሙሉ "እኔም እንደሳቸው ነኝ" አሉ። አሁን ግን ተጠንቅቃለች። ባለፈው ስትመጣ፣ ደሴቶቹን ከመታው አውሎ ነፋስ ወዲህ እንቅልፍ ያጡትን የዚህን መንደር ሴቶች በዕጣ ለሁለት ከፈለች። ግማሾቹን ከመኝታ በፊት ረጋ ብሎ መተንፈስን አስተማረቻቸው፤ የቀሩት እሷ እስክትመለስ እንዲጠብቁ ነገረቻቸው። የጠበቁት ሳይሻላቸው የተማሩት ከተሻላቸው፣ ያዳናቸው ትምህርቱ እንጂ ጊዜው እንዳልሆነ ይታወቃል። ይህ ከተሳካ ትመረቃለች።

ዛሬ ሴቶቹን ያገኘቻቸው የመንደሩ አዳራሽ ውስጥ ሰሌን ሲሠሩ ነው። እንዲጠብቁ ከነገረቻቸው ጀመረች።

"እትዬ ኡናይሲ፣ እንቅልፍዎ እንዴት ነው?"

"እንደ ሕፃን ነው የምተኛው፣ ልጄ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አንቺ በሄድሽ ማግስት። ቫሲቲ አስተማረችኝ።"

ቫሲቲ እጇ ከሥራው ሳይላቀቅ ፈገግ አለች። ከተማሩት አንዷ ናት።

"ቫሲቲ፣ እንዳትናገሪ አላልኩሽም?"

"ብለሽኛል። ግን ጉልበት ለጉልበት ገጥመን እየሠራን፣ እኔ ጠግቤ ተኝቼ እሷ ዓይኗ ቀልቶ ስትመጣ ምን ብዬ ልደብቃት? ዓሣ ስንሠራ እንኳ መረቁ ጎረቤት ይደርሳል።"

"ሁሉም ተማሩ በይኛ።"

"ሁሉም። ዕጣ ስታወጪ፣ ጊዜ አንሷት ነው ብለን አዘንልሽ። እኛው ሞላንልሽ።"

ማካሬታ ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። ለምን መጠበቅ እንዳለባቸው እንደገና አስረዳች። ሁሉም በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ቀላል ነው እኮ" አሉ ኡናይሲ። "እኔ አልተኛም ብዬ እነግርሻለሁ። አይደል እናንተ?"

"እኔንማ የሚወስደኝ ሲነጋ ነው" አለች አንዷ፤ ሳቁ።

"እኔ ደግሞ ከነጋም አይወስደኝ።"

ሊያሾፉባት አልነበረም፤ ስጦታ እየሰጧት ነበር። እሷ ራሷ መዋሸት አይጠበቅባትም፤ ጠይቃ የሚሏትን መጻፍ ብቻ ነው። የእናቷ ሰሌን ቀይ ክር ዓይኗ ላይ መጣባት። እናቷ አርጅታለች።

"አይሆንም" አለች በመጨረሻ፣ ድምጿ ከፈለገችው በላይ ሻክሮ። "ነገ ሌላ ቦታ ሄጄ እንቅልፍ ያጣችን ሴት በእናንተ ውሸት አላስተምርም።"

ስልክ የሚሠራው ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ነው። እዚያ ወጥታ ለመምህሯ ለዶክተር ራጅኔሽ ደወለች።

"እንግዲህ ማነጻጸሪያ የለሽም" አላት። "በሚቀጥለው ዓመት መንደር ከመንደር አድርጊው። አንዱ ይማር፣ ሌላው ይጠብቅ። የማይገናኙ መንደሮች ፈልጊ።"

"የማይገናኙ? እዚህ?"

ወርዳ መምህሯ ያላትን ለሴቶቹ ነገረቻቸው።

ጀልባዋ ልትነሳ ስትል ኡናይሲ በቅጠል የተጠቀለለ ጎደሬ ይዘው ውኃው ውስጥ ገቡ።

"ለመሆኑ የሚጠብቀው መንደር የት ነው?"

"ሩቅ ነው፣ እትዬ። ኮሮ ደሴት።"

"ኮሮ? ታናሽ እህቴ እኮ የተዳረችው እዚያ ነው። ሰላምታ እልክባታለሁ።"

"ሰላምታ ብቻ ይላኩ።"

ኡናይሲ ወደ ባሕሩ አዩ። "እሷም ከነፋሱ ወዲህ አትተኛም አሉ፤ ምስኪን።"

ማካሬታ ሌቩካ እንደደረሰች ለእናቷ ደወለች።

"እማዬ፣ ሰሌኑን አውጪው፤ ፀሐይ ይምታው።"