ጾመኛ መርፌ አይወጋም

በጌታ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ይብዛላችሁ። ልመሰክር ፈልጌ ነው የቆምኩት። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከመቀመጫዬ ስነሳ "ይህ ታሪክ መነገር ይገባዋል ወይ?" ብዬ ራሴን ጠይቄዋለሁ። ባለፈው እሑድ እዚህ የቆመው ወንድማችን ለዓመታት ካሰረው ሱስ ተፈትቶ ነው የመሰከረው። እኔ ያለኝ የአንድ ቀን ነገር ነው። የሞተ አልተነሳም፣ ዕውር አልበራም። ያደረግኩት ነገር ቢኖር የማውቀውን መናገር ብቻ ነው፤ እሱንም ዘግይቼ። ትንሽ መስሎ ከታያችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። እንዳልረሳም፣ እንዳልጨምርም ጽፌው መጥቻለሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እዚህ ሰቆጣ የድንገተኛ ሕክምና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ ፃግብጂ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው፤ በቤታችን የምንናገረው ኽምጣኛ ነው። ጌታን ከማወቄ በፊት ፈሪ ነበርኩ። የምፈራው መሳሳትን ነው፤ ይልቁንም ተሳስቼ ሰው ሲያየኝ። መምህሩ "ጎበዝ" እንዲለኝ በአምቡላንስ ሳጥን ውስጥ ያሉትን መድኃኒቶች ሁሉ በቃሌ አጠናሁ፤ አድሬናሊኑን፣ ዲያዜፓሙን፣ ወላድ ደም ሲፈስሳት የሚሰጠውን ኦክሲቶሲን፣ አርባ ፐርሰንት ግሉኮሱን። ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ መጠናቸውን እነግራችሁ ነበር።

አብራኝ የምትኖረው ሰላማዊት ወደዚህ ጉባኤ ስትጋብዘኝ "ፈተና አለብኝ" እላት ነበር። አንድ ቀን ሰለቻትና "ዝናሽ፣ አንቺ ጌታን የምትሸሺው 'አጥፍቻለሁ' ማለት ስለሚከብድሽ ነው" አለችኝ።

"እኔ ደግሞ ምን አጠፋሁ?" ብዬ ተቆጣኋት። ያን ጊዜ ያጠፋሁትን አላውቅም ነበር።

አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ነው። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋል። ሙቀት እንዳያበላሽበት መድኃኒቱን እርጥብ አሸዋ ባለበት እንስራ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። የፍልሰታ ጾም ሲገባ ደወልኩለት። ያን ሰሞን ስለ ኢንሱሊን ተምረን ስለነበር ማስተማር አማረኝ።

"አባዬ፣ በጾሙም ቢሆን መርፌዎን እንዳያቋርጡ! ካቋረጡ ስኳሩ ይወጣና ራስዎን ያስትዎታል።"

"እንዴት ይሆናል ልጄ? ጾመኛ መርፌ አይወጋም እኮ። ሰው ምን ይለኛል?"

በእኛ ቀበሌ ብዙ ሰው መርፌ እንደ ምግብ ጾም ይፈታል ብሎ ነው የሚያምነው። ይህን እያወቅሁ "እንግዲያው ተደብቀው ይወጉ። ለማንም አይንገሩ። ቃል ይግቡልኝ" አልኩት።

ሳቀ። "እሺ ዶክተር፣ ቃል ገብቻለሁ" አለኝ።

ስልኩን ስዘጋ በራሴ ኮራሁ። ወገኖቼ፣ ያላልኩትን ልብ በሉልኝ። "ከተወጉ መብላት አለብዎት" አላልኩትም። ኢንሱሊን በደም ውስጥ ያለውን ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት ነው። ጠዋት ተወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያልበላ ሰው ስኳሩ ወርዶ ወርዶ ሊሞት ይችላል። ይህንንም ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ መጥቶ መልሼዋለሁ። ለአባቴ መንገር ግን ረሳሁ።

በጾሙ አጋማሽ ለልምምድ አምቡላንስ ላይ ተመደብኩ። ኃላፊዬ ሲስተር ዘነበች የምትባል ነርስ ነበረች። ኽምጣኛ ስለማትችል እኔ ነበርኩ የምተረጉምላት። አንድ ቀን ከቀኑ ስድስት ሰዓት አካባቢ ስልክ ተደወለ። ፃግብጂ ውስጥ አንድ ሰው ቅዳሴ ላይ ወድቆ አልነቃም፤ በቃሬዛ ወደ መኪና መንገድ እያወጡት ነው ተባለ። የቀበሌውን ስም ደግሜ ጠየቅኩ። የእኛ ቀበሌ ነው። የሰውየውን ስም ሳንጠይቅ ስልኩ ተቋረጠ።

ክረምት ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነው። መኪናው በተንሸራተተ ቁጥር በመስኮቱ የሚታየኝ ገደል ብቻ ነው። ሾፌራችን ጋሽ ይመር የበሩን እጀታ ጨምቄ መያዜን በመስታወቱ አየና "አንቺ ልጅ፣ እጀታው የመንግሥት ነው፤ ነቅለሽ እንዳትወስጂው!" ብሎ ቀለደብኝ። መሳቅ አቃተኝ። በልቤ "ሌላ ሰው ይሁን፣ ሌላ ሰው ይሁን" እያልኩ ነበር። የሌላ ሰው አባት ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ከአንድ ጠመዝማዛ በኋላ ሰዎቹን አየናቸው። አራት ሆነው ቃሬዛ ተሸክመዋል። ከፊት ያለው የአባቴ ታናሽ ወንድም አያ ታደለ ነው። ጋቢው ሲገለጥ የአባቴን ፊት አየሁ። አፉ ተከፍቶ ያንኮራፋል። ዓይኑ ግማሽ ተገልጧል፤ ግን አያየኝም።

"ዝናሽ! አንቺን ያመጣልን እግዜር ነው!" አለ አያ ታደለ በኽምጣኛ። ሲስተር አልገባትም። እኔም አባቴ ነው አላልኳትም። ካልኳት ትጠይቀኛለች ብዬ ፈራሁ።

አምቡላንስ ውስጥ አስገባነው። ሲስተር ግንባሩን ዳሰሰችና "ላብ በላብ ነው" አለች። ተረጎምኩ።

"ላብ አይደለም፣ ጠበል ነው፤ ሲወድቅ ቄሱ ረጭተውታል" አለ አያ ታደለ።

የስኳር መለኪያዋን አወጣች። ስህተት አሳየ። ሌላ የመለኪያ ወረቀት ከተተች፤ አሁንም ስህተት። ወረቀቶቹን እርጥበት አግኝቷቸዋል። "የቆየ ሕመም አለበት ወይ? በያቸው" አለችኝ።

"ስኳር አለበት።"

"ዛሬ መርፌውን ወስዷል?"

አያ ታደለ ተቆጣ። "ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ጾመኛ መርፌ ይወጋል እንዴ? ጾም ከገባ ጀምሮ አልነካትም። ስኳሩ ወጥቶበት ነው በያት!"

ሲስተር ፊቴን እያየች ትጠብቃለች። "አልወሰደም ይላል" አልኩ። "ጾም ከገባ ጀምሮ አልወሰደም፣ ስኳሩ ወጥቶበት ነው ይላል።"

ወንድሞችና እህቶች፣ በትክክል ነው የተረጎምኩት። አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ግን ውሸት ነበር። ውሸት መሆኑን ደግሞ እዚያ ከነበርነው ሁሉ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

"እንግዲያው ፈሳሽ እንስቀልለትና ወደ ሆስፒታል እንፍጠን" አለች ሲስተር። ደም ሥሩን አገኘችና ሳላይን የሚባለውን የጨው ፈሳሽ አስገባች። ጉዞ ጀመርን። እኔ ከራስጌው ተቀምጬ ጭንቅላቱን ይዣለሁ። በውስጤ አንድ ድምፅ "ዝም በይ፤ ከተናገርሽ አባቷን የገደለች ተማሪ ትባያለሽ" ይለኛል። ሌላው ደግሞ "ዝም ካልሽ ይሞታል" ይለኛል። የመጀመሪያው ይበረታ ነበር። ዝም ያልኩት አፍሬ ሳይሆን ፈርቼ ነው።

ሲስተር ግንባሩን በጨርቅ ጠረገችው። ትንሽ ቆይታ አየችው፤ እንደገና ረጥቧል። "ይህ ጠበል ከየት ነው የሚመጣው?" አለች ለራሷ። በዚያው ቅጽበት የአባቴ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቀጥሎ አፉ ወደ ጎን ተጎተተ።

ያን ጊዜ ነው ወገኖቼ! ሰላማዊት ያለችኝ ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ጉልበቴ አልተንበረከከም፤ ቦታም አልነበረም። ዓይኔንም አልጨፈንኩም። በልቤ "ኢየሱስ ሆይ፣ አጥፍቻለሁ። እኔ ነኝ። አፌን ክፈትልኝ" አልኩ። ከዚያ ሌላ ጸሎት አላውቅም ነበር። ስሙ ይባረክ፣ ሰማኝ!

"ሲስተር! መርፌውን ወስዷል።"

"ማን ነገረሽ?"

"አባቴ ነው። ይህ ሰው አባቴ ነው። ተደብቆ እንዲወጋ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። መብላት እንዳለበት ግን አልነገርኩትም።"

አየችኝ። በጥፊ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ። "ይመር፣ አቁም!" ብላ ጮኸች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ቁጣው በኋላ ይደርሳል። አርባ ፐርሰንት አውጪ።"

የመድኃኒት ሳጥኑን ከፈትኩ። ጠርሙሶቹ ተደርድረዋል፣ ሁሉም አንድ መሰሉኝ። በቃሌ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። በሥራችን ማንኛውም መድኃኒት ሳይነበብ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም። "አንብቢ!" አለችኝ።

"ግሉኮስ። አርባ ፐርሰንት። ሃያ ሚሊ ሊትር። ቀኑ አላለፈም።"

"እንደገና።"

እንደገና አነበብኩ። አያ ታደለ ኽምጣኛ እንጂ ብዙ አማርኛ አይናገርም፤ "ግሉኮስ" የሚለውን ግን ያውቀዋል። የሲስተርን እጅ ያዘ። "ስኳር ነው እኮ! ስኳር ላለበት ሰው ስኳር? ልትጨርሱት ነው?"

"አያ ታደለ፣ ይልቀቋት! አባዬ ዛሬ ተወግቷል፤ እኔ ነኝ ይወጉ ያልኩት።"

"ውሸታም! ወንድሜ ጾሙን አይሽርም!"

"ሆዱን ይዩ።"

ጋቢውንና ሸሚዙን ገለጠ። ከእምብርቱ አጠገብ የመርፌ ነጥቦች ተደርድረው ነበር፤ አንዷ ገና ቀይ ናት። አያ ታደለ ነጥቦቹን አየ፣ እኔን አየ፣ የሲስተርን እጅ ለቀቀ።  እኔን ያየበት ዓይን እስከ ዛሬ ያስፈራኛል።

አርባ ፐርሰንት ግሉኮስ ወፍራም ነው፣ በመርፌው ውስጥ እንደ ማር ይከብዳል። ከደም ሥር ውጪ ከፈሰሰ ሥጋ ያቆስላል፤ ስለዚህ ቀስ ተብሎ ነው የሚሰጠው። ቀስ ማለት ግን እንዴት ያስጨንቃል! የመጀመሪያው ጠርሙስ አለቀ፣ ምንም የለም። ሁለተኛው ገባ። የእጁ መንቀጥቀጥ ቆመ፤ ሞተ ብዬ ይበልጥ ፈራሁ። ሦስተኛው ግማሽ ሲደርስ የዓይኑ ቆብ ተንቀሳቀሰ። ጣሪያውን አየ፣ ወንድሙን አየ፣ ቆይቶ እኔን አየ።

"ጾሜን ፈታችሁብኝ?" አለ።

ለሲስተር ስተረጉምላት ሳቀች፤ ሳቋ መሃል እንባዋ ወረደ። "እኔም ግሉኮሱን ከመጀመሪያው ልሰጠው ይገባኝ ነበር። ስኳሩ ወጥቶ ቢሆን ይህች አትገድለውም ነበር፤ ወርዶ ከሆነ ግን ያለሷ አይተርፍም። በሰማሁት ወሬ ተዘናጋሁ" አለችኝ። ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን! አባቴ ተናገረ!

አያ ታደለ ወዲያው "ተነሥቷል እኮ! መልሱን፣ አገራችን እንግባ" አለ። ሲስተር እምቢ አለች፤ የተወጋው መድኃኒት ገና በሰውነቱ ውስጥ እየሠራ ነው። እውነቷን ነበር። ሰቆጣ ሳንደርስ ንግግሩ ተጎተተ፣ ላቡ ተመለሰ። ያ ፍርሃት እንደገና መጣብኝ። አንድ ጠርሙስ ጨመረችለት፤ ስኳር ያለበትንም ፈሳሽ ሰቀለችለት። እንዲህ እየወረደ እየወጣ ሆስፒታል ደረስን። የተቀበለን ሐኪም "ትንሽ ብትዘገዩ ነፍሱ ብትተርፍ እንኳ አእምሮው ላይመለስ ይችል ነበር" አለን። 

በማግስቱ አልጋው አጠገብ ሆኜ ሁሉንም ነገርኩት። "ይቅር ይበሉኝ፤ እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩዎት" አልኩት።

አባቴ እጄን ያዘ። "ልጄ፣ ቅዳሴው መሃል ሰውነቴ ሲንቀጠቀጥ ታውቆኝ ነበር" አለኝ። "ወጥቼ ቁራሽ ልቀምስ አስቤ ነበር። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ቆምኩ። ሁለታችንም ሰው ፈርተን ነው።"

ጾም ክፉ ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። አባቴ ዛሬም በቤተ ክርስቲያኑ ነው። የንስሐ አባቱ ሊጠይቁት መጥተው "ሕመምተኛ አይገደድም፤ መርፌም ጾም አይፈታም። ለምን ቀድመህ አልጠየቅኸኝም?" ብለው ገሠጹት። እኔ ኢየሱስን እንደ ግል አዳኜ መቀበሌን ስነግረው ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንደዞረ "ያን ቀን አፍሽን የከፈተው እሱ ከሆነ፣ ምን ልልሽ እችላለሁ?" አለኝ። ከዚያ በላይ አልተናገርንም። ጸልዩልን።

ፍርሃቱ በአንድ ቀን አልለቀቀኝም። መድኃኒቱ ተቀንሶለት ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላም ስኳሩ ሁለት ጊዜ ወርዶበታል። ማታ ስልኬን ከትራሴ ሥር አድርጌ ነበር የምተኛው። ግን ያ በመንገድ ላይ የሰማኝ ጌታ በየጊዜው ሰምቶኛል። ዛሬ አንድ ነገር ስሳሳት "ተሳስቻለሁ" እላለሁ። ለመምህሬም፣ ለሲስተርም፣ ለሰላማዊትም። ለእኔ ይህ ትልቅ ፈውስ ነው። ሃሌ ሉያ!

ወገኖቼ፣ ከእናንተ መካከል የሚያውቀውን እውነት የዋጠ ሰው ካለ፣ ምናልባት በቤቱ አንድ ሰው በዚያ ዝምታ እየተጎዳ ይሆናል። ፍርሃታችሁ እስኪያልፍ አትጠብቁ፤ የእኔ አላለፈም ነበር። እየፈራችሁ ጥሩት፤ እየፈራችሁ ተናገሩ። እሱን ታምኖ ያፈረ የለም። አባቴን በሕይወት ስላቆየልኝ፣ እኔንም ከራሴ ስላዳነኝ ስሙ ለዘላለም ይባረክ።

ሐኪሙ አባቴን መርምሮ "አሁን ተስተካክሏል፤ ከእንግዲህ በየወሩ ብቻ ይምጡ" ብሎ ያሰናበተው፣ እኔም ስልኬን አጥፍቼ የተኛሁት፣ ጳጉሜን ሁለት ቀን ነው።