ጋሽ ጭቃና ጥቁሩ ዱቄት

ጋሽ ጭቃ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የነዳጅ ጉድጓድ ቆፋሪዎቹ ናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየም ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ማዕረግ ተቀበሉት። ደግሞም እውነት አላቸው፤ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ያለ ጭቃ አይቆፈርም። ውሃና ሸክላ አፈር ተበጥብጦ በቧንቧ ወደ ታች ይላካል፤ መሰርሰሪያውን ያቀዘቅዛል፣ የተፈጨውን ድንጋይ ይዞ ይወጣል፣ የጉድጓዱንም ግድግዳ ደግፎ ያቆማል። በጥባጩ ጋሽ ጭቃ ናቸው፤ ጣታቸውን ነከር ያደርጉና አሸት አሸት አድርገው፣ «ገና ነው፣ አልበሰለም» ይላሉ። እቤት የሚስታቸውን ሾርባ እንዲሁ ሊፈትኑ ሲሉ በጭልፋ እጃቸውን ተመትተዋል ይባላል።

ይህኛው ጉድጓድ ግን አስቸገረ። ከታች ያለው ድንጋይ የጋለ ነው፤ የጭቃውን ውሃ ምጥጥ አድርጎ ይጠጣና አብጦ ቧንቧውን አንቆ ይይዛል። አለቃው ተማረረ።

«ይህ የውሃ ጭቃ ካልሆነልን፣ በዘይት የተበጠበጠውን አስመጣለሁ» አለ።

ያ ጭቃ ተዘጋጅቶ፣ ከነበጥባጩ በቦቴ የሚመጣ ነው። እሱ መጣ ማለት ጋሽ ጭቃ ወደ ቤት ሄዱ ማለት ነው።

መድኃኒት አለኝ ብሎ የመጣው ኬሚስት፣ የገዛ ልጃቸው ባል ነበር። በጣሳ የያዘው ከጥላሸት የጠቆረ የካርቦን ዱቄት ነው።

«አባባ፣ ይህ ናኖ ካርቦን ይባላል። ቅንጣቱ በዓይን አይታይም። የድንጋዩን ቀዳዳ ገብቶ ይደፍንና ውሃው እንዳይሰርግ ያደርጋል። ቧንቧውንም ያሟልጨዋል።»

«በዓይን ካልታየ መኖሩን በምን አወቅህ?»

«በመሣሪያ ነዋ።»

«እንግዲያው መሣሪያው አየ በለኝ። አንተማ አላየህም።»

አማቻቸው ሳቀና ጥቂት መዝኖ፣ እንዳይጓጉል አስቀድሞ በሌላ ፈሳሽ በጠበጠው፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ገንዳው ጨመረ። የቀረውን ዱቄት እዚያው ትቶ እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ጋሽ ጭቃ ገንዳውን አዩ፤ ጣሳውን አዩ። በሕይወታቸው በጆንያ እንጂ በማንኪያ ጨምረው አያውቁም። ይህን የሚያህል ገንዳ፣ ያውም እንጀራቸው የተንጠለጠለበት፣ እንዲህ ተሰስቶበት ሊቀር? «ጉዳይህን ለሚፈጽምልህ አይነፈግም» አሉና ጣሳውን ገለበጡት። ላባቸውንም በዚያው እጅ ጠረጉ።

አማቻቸው ተመልሶ ጭቃውን በውፍረት መለኪያው ቀጭን አንገት ሊያፈስ ቢል፣ ጭቃው እንደ ኮረፈ ልጅ አልወርድ አለ። እንደገና ሞከረ።

«ስሌቴን ተሳስቻለሁ መሰለኝ፣ አለቃ» አለ ድምፁ ሰልሎ።

አለቃው ስልኩን አወጣ። «እንግዲህ ቦቴውን ልጥራው።»

ጋሽ ጭቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዝም ቢሉ ሥራቸው ይሄዳል፤ የልጃቸውም ባል በሰው ፊት ያላጠፋውን ይሸከማል። ቢናገሩ ደግሞ ክብራቸው።

«ስልኩን አስቀምጠው» አሉ በመጨረሻ፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው። «ስሌቱ ደህና ነው። ዱቄቱ አንሶ ስላየሁት ትንሽ ረዳሁት።»

«ትንሽ ስንት ነው፣ አባባ?»

«የቀረውን።»

ዋናው ቆፋሪ ከንፈሩን ነክሶ ያቆየውን ሳቅ ለቀቀው። «እኔማ ግንባርዎን ሳይ ገብቶኝ ነበር፣ ጋሼ! ማን ደፍሮ ይንገርዎት?»

ጋሽ ጭቃ ግንባራቸውን ዳሰሱ። ጣታቸው ጥቁር ሆኖ ወጣ። አለቃው እንኳ ሊቆጣ ከፍቶት የነበረውን አፍ ለሳቅ አዋለው።

የጓጎለውን አጥልለው አወጡ፤ ጭቃውንም ለሁለት ከፍለው ዱቄት ባልነካው ጭቃ አቀጠኑት። አማቻቸው ደግሞ ደጋግሞ ለካ። በመለኪያው አፈሰሰው፤ ወረደ። ወደ ጉድጓዱም ሰደዱት። ቧንቧው በዚያ ክፉ ድንጋይ ውስጥ ሳይያዝ ሲሽከረከር ዋለ። የተመለሰውን ጭቃ ጋሽ ጭቃ በጣታቸው አሹት፤ እንደ ቅቤ ሙልጭልጭ ይላል።

«የቦቴው ነገር ይቅር» አለ አለቃው። «ሌላ ገንዳ አዘጋጁ።»

አማቻቸው አዲስ ጣሳ ከፈተና በዓይኑ ጠርዝ ተመለከታቸው። ጋሽ ጭቃ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል።

«ምን ታየኛለህ?» አሉት። «መዝነህ ስጠኝ እንጂ!»