የእምነት ክህደት ቃል

የልጅ ልጄ ሐና የሕግ ተማሪ ናት። ባለፈው ሳምንት ደብተሯን ጉልበቷ ላይ እንደዘረጋች፣ ተከሳሽ ለክሱ የሚሰጠውን መልስ ለምን «የእምነት ክህደት ቃል» እንደሚሉት ጠየቀችኝ። የሃይማኖት ነገር መስሏታል። ዳኛው «ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ?» ብሎ ስለሚጠይቅ ነው አልኳት። በቋንቋችን ፈጣሪውን የተቀበለም አመነ፣ ጥፋቱን የተናገረም አመነ ይባላል። ይህን ብዬ ጃኬቴን ደርቤ ወደ ደጅ ወጣሁ።

ያ ጥያቄ ሲጠየቅ በጆሮዬ የሰማሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የተጠየቀው ጓደኛዬ ታደለ ነበር።

ታደለ የካ ሚካኤል አካባቢ የጎረቤታችን የመሪጌታ አንድ ልጅ ነው። ከአባቱ ከየኔታ ዜማ ይማር ነበር። እኔም ጥቂት ጊዜ አብሬው ተቀምጬ ተምሬያለሁ። የኔታ ከኃጢአት ሁሉ አብልጠው የሚፈሩት ክህደትን ነበር። ጴጥሮስ እሳት እየሞቀ «አላውቀውም» ያለበት ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይሰበራል።

በነሐሴ መጨረሻ ቤታችን ማገዶ አለቀ። የወደቀ ጭራሮ ብቻ እንለቅማለን ብዬ ታደለን አታለልኩና ወደ እንጦጦ ወጣን። መንገድ ላይ የተጠበሰ በቆሎ ገዝተን እየፈለፈልን በላን፤ ጣታችን ጥላሸት ሆነ። ዝናብ የመታው ባሕር ዛፍ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ጫካው ውስጥ ስንደርስ ከካፖርቴ ሥር መጥረቢያ አወጣሁ። ታደለ ፊቱ ተለወጠ፤ ግን ጥሎኝ አልሄደም።

ሁለተኛውን ዛፍ እንደጣልኩ የደን ጠባቂው ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ብሎ ታደለን አንገትጌውን ያዘው። ታደለ አመለጠውና ጭጋጉ ውስጥ ገባ፤ እኔ ድንጋይ አንስቼ ወረወርኩ። ሰውዬው ዓይኑን ይዞ ተንበረከከ። ሮጥኩ። ታደለ ግን ተመልሶ ነጠላውን ቀዶ የሰውዬውን ዓይን ሲያስር፣ ጩኸት ሰምተው በመጡ ሰዎች እዚያው ተያዘ።

የሰውዬው ዓይን ጠፋ። በጭጋጉ ማን እንደወረወረ አላየም ነበር። ታደለም ለፖሊስ እኔ ነኝ አለ።

ከችሎቱ በፊት የኔታ ቤታችን ድረስ መጡ። ቁጭ አላሉም።

«ልጄ፣ ድንጋዩን የወረወርከው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም፣ የኔታ። እኔ እዚያ አልነበርኩም።»

 «እንግዲያው ልጄ ያለውን ማመን ነው» ብለው ወጡ።

ችሎት ላይ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ዳኛው ክሱን አንብበው፣ ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ አሉት። ታደለ ወደ እኔ አልዞረም። ቅዳሴ ላይ ተሰጥዖ እንደሚመልስ ሰው ቀስ ብሎ፣ «አምናለሁ» አለ። አምስት ዓመት ተፈረደበት። የእሱ ማመን ሐሰት ነበር፤ የእኔም መካድ እንዲሁ።

አንድ ጊዜ ቆሎ ይዤ ልጠይቀው እስር ቤት ሄድኩ። ከስቶ ያስል ነበር። አልወቀሰኝም።

«አባቴ ብቻ ይወቅ» አለኝ። «ለሌላ ሰው አትንገር። እሱ ግን ይወቅ።»

እሺ አልኩት። የኔታ በር ላይ ስንት ጊዜ እንደቆምኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አንዴማ ገብቼ ሰላም ካልኳቸው በኋላ ስለ ዝናቡ አውርቼ ወጣሁ። ታደለ በሦስተኛው ዓመት በሳምባ በሽታ እዚያው እስር ቤት ሞተ። የኔታ በለቅሶው ላይ፣ የሰው ዓይን ያጠፋ ልጄን ማርልኝ እያሉ ሲጸልዩ ሰማኋቸው። ያኔም ዝም አልኩ። ዓመት ሳይሞላ እሳቸውም ተከተሉት።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ጾምና ስግደት ሰጡኝ፤ ፈጸምኩ። አልቀለለኝም። ዛሬም እሑድ እሑድ አስቀድሳለሁ። «እናምናለን» የሚለው ጸሎተ ሃይማኖት ሲደገም ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አይወጣኝም። እግዚአብሔር ሰምቷል፣ አንድ ቄስም ሰምተዋል። መስማት የነበረባቸው ሰው ግን አልሰሙም፤ ከእንግዲህም አይሰሙም።