እናቴ በፍልሰታ የነዳችው መኪና

አቧራ የጠጣ ፕላስቲክ ሲሞቅ የሚያወጣውን ሽታ የሚወድ ሰው ከእኔ ሌላ ይኖር እንደሆነ አላውቅም። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ፖቶማክ ወንዝ አጠገብ አሌክሳንድሪያ ባለው ቤቴ ሳሎን ውስጥ፣ ልጄ ሶልያና ከጓደኛዋ የተዋሰችውን ባለፔዳል የጌም መሪ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አጥብቃ ማሽኑን ስታበራው ያ ሽታ ቀስ ብሎ መጣና የታጠፈ ልብስ እንደታቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ። ስክሪኑ ላይ መኪናዋ ጎማዋን እያጨሰች በጎኗ ወደ ኩርባው ትንሸራተታለች፣ መሪው በልጄ እጅ ውስጥ ይታገላል፣ እሷም ጥርሷን ነክሳ ግንባሯን ቋጥራለች። «ማሚ፣ ይሄኛው እኮ ሪል ድሪፍት ነው፤ ያኛው ግን ፈን ነው። የቱ ይሻላል?» አለችኝ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «መጀመሪያ ሳህንሽን አንሺ» አልኳት። ምን ላድርግ፣ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። እናቴ በዚያች ሰዓት ከሲልቨር ስፕሪንግ መኪናዋን እየነዳች ወደ እኔ እየመጣች ነው፤ እኔ ደግሞ ስትመጣ «እማዬ፣ መንዳት ይብቃሽ» ልላት ቃላት እየመረጥኩ ነው። የዓይን ሐኪሟ ከነገሯት ቆይቷል፣ ሰምታ እንዳልሰማች ሆናለች። ወንድሜ ቢኒያም «አንቺ ሴት ልጇ ነሽ፣ ላንቺ ይቀላል» ብሎ ነገሩን እኔ ላይ ጣለው፤ ምኑ እንደሚቀል እሱ ነው የሚያውቀው።

ያደግንበት የሲልቨር ስፕሪንግ አፓርትመንት ኮሪደሩ የሁሉም ቤት ወጥ የሚሸትበት፣ ማሞቂያው እንደ ሽማግሌ የሚያስል፣ ከመስኮቱ የሌላ ሕንፃ መስኮት ብቻ የሚታይበት ቤት ነበር። ሳሎኑን የሚሞላው በርክ ወደሚባል ሰፈር የተዛወሩ ጎረቤቶቻችን መሸከም ሰልችቷቸው የተዉልን ግዙፍ ቴሌቪዥን ሲሆን፣ ከሥሩ ቢኒያም እንደ ጽላት የሚጠብቀው የጌም ማሽን ይቀመጣል። እኔና እሱ ሌላ ነገር ሁሉ ተካፍለን አድገናል፤ የመኪና ጌም ላይ ግን ጠላት ነበርን።

የእሱ ጌም የእውነቱ ነው። መኪናው ክብደት አለው፤ ኩርባ ላይ ፍጥነትህን ካልቀነስክ አፍንጫው ወደ ውጭ ይሄዳል፣ በድንጋጤ ፍሬን ከያዝክ ደግሞ ጅራቱ ዞሮ ፊትህ ይመጣል። ድሪፍት ለማድረግ የእጅ ፍሬኑን በሰዓቱ ስበህ፣ መሪውን ወዲያው በተቃራኒ መልሰህ፣ ነዳጁን በጣትህ ጫፍ ያህል ብቻ እየሰጠህ መያዝ ነበረብህ፤ ቢኒያም ይህን አንድ ኩርባ ለማሳካት አንድ ክረምት ሙሉ ጨርሷል፤ ሲሳካለትም ፈገግ አይልም፣ ራሱን ነቅነቅ ያደርግና ይቀጥላል። የእኔ ጌም ግን አንድ ቁልፍ ነው። ቁልፉን ተጭነህ መሪውን ጠምዘዝ ስታደርግ መኪናው በጎኑ ተንሸራቶ ኩርባውን እስከ መጨረሻው ይዞራል፣ ከጎማው ሰማያዊ እሳት ይፈናጠራል፣ ሙዚቃው ይጮሃል፣ ግድግዳ ብትገጭም መኪናው ይቅርታ ጠይቆ የሚመልስህ ይመስላል። «ያንቺ መኪና አይደለም፣ ሳሙና ነው» ይለኛል። «ያንተም ጌም አይደለም፣ የቤት ሥራ ነው» እለዋለሁ። ከዚህ የተሻለ ክርክር እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

እናታችን በዚያን ጊዜ አርሊንግተን አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥፍ ነበር። አዲስ አበባ ነርስ ነበረች፤ «አንሶላ አይታመም፣ አይድን» እያለች ከሥራ ትመለሳለች። በዚያ ክረምት ታዲያ አሌክሳንድሪያ የሚገኝ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ለመስከረም ሊቀጥራት ተስማማ፤ ሽማግሌዎችን ማጠብ፣ ማጉረስ፣ መድኃኒታቸውን መከታተል፣ ማለትም ሰው ያለበት ሥራ። ችግሩ ሺፍቱ የሚጀምረው አውቶቡስ ሳይነሳ በመሆኑ «ላይሰንስ ካለሽ ነይ፣ ከሌለሽ ቦታውን ለሌላ እንሰጣለን» አሏት። መሪ ነክታ አታውቅም።

እዚህ አገር ሚስቱን መንዳት ላስተምር ያለ ሐበሻ ሁሉ ቀጥሎ የመጣውን ያውቀዋል። አባዬ ከቅዳሴ ስንመለስ ነጭ በነጭ እንደለበስን አንድ የተዘጋ ሱቅ ፓርኪንግ ውስጥ አቆመና ከእናቴ ጋር ቦታ ተቀያየሩ። አባዬ በሌላው ነገር ሁሉ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ከእናቴ ጎን ሲቀመጥ ግን ሌላ ሰው ሆነ። «ፍሬን! ፍሬን አልኩሽ እኮ! እሱ ነዳጅ ነው፣ አንቺ ሴትዮ፣ ልትጨርሽን ነው!» እኔና ቢኒያም ከኋላ ቀበቷችንን ጨብጠናል። እናቴ መኪናውን ፓርኪንጉ መሃል አቆመችው፣ ወረደች፣ በሩን እንኳ ሳትዘጋ ነጠላዋን አጣፍታ በእግሯ ወደ ቤት ሄደች። አባዬ በመኪና ከጎኗ ቀስ እያለ ሲለምናት፣ እሷ ወደ ፊት ብቻ እያየች ስትራመድ፣ የአካባቢው ሰው ምን ብሎን ይሆን? ቤት ስትደርስ «ማርያምን፣ ሁለተኛ መሪ አልነካም» አለች፤ እናቴ ማርያምን ብላ ከማለች አለቀ።

አላለቀም እንጂ። ቢኒያም የጌም መሪ የስክሪን እንጂ የመኪና መሪ ስላልሆነ መሐላው አይነካውም ብሎ ተከራከረላትና፣ ጎማው የተላጠውን የጌም መሪውን ጭኗ ላይ አደረገላት። የእውነቱን ጌም ከፈተ። እናቴ ገና ከመነሳቷ ዞረች። ተነሳች፣ ዞረች። ኩርባ ላይ ወጣች፣ አጥር ገጨች፣ ጎማዋ አሸዋ ውስጥ ተቀበረ፣ ስክሪኑም በቀይ ጽሑፍ ስህተቷን አንድ በአንድ ዘረዘረላት። ዓይኗ እንባ ሞልቶ መሪውን ለቢኒያም መለሰችለትና «ይኼስ አባታችሁ ነው» አለችው።

ያን ጊዜ ነው የእኔን የከፈትኩላት። ቁልፉን አሳየኋት። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ መኪናው በጎኑ ሸርተት ብሎ ሲሄድላት፣ እሳቱ ከጎማው ሲፈናጠር፣ እናቴ «ወይኔ ልጄ! ዞረልኝ!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ከሆዷ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ፣ ነጠላዋ እስኪወድቅ። እንዲህ ስትስቅ አይተናት አናውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሆቴሉን ዩኒፎርም ሳታወልቅ ትቀመጣለች፤ ኩርባው ወደ ግራ ከሆነ ሰውነቷ ሁሉ ወደ ግራ ይጋደማል፣ ወደ ቀኝ ከሆነ እኔ ላይ ትወድቃለች፣ ወጡ ሁለት ጊዜ አርሯል። ቢኒያም «እማዬ፣ እንደዚህ የሚነዳ መኪና የለም» ሲላት «ዝም በል፣ አታስደንግጠኝ» ትለዋለች።

ፍልሰታ ገባ። በእኛ ቤት በጾም ጌም የለም፤ ማሽኑ በጨርቅ ይሸፈናል። የላይሰንስ ፈተናዋ ግን ጾሙ በተፈታ በቀናት ውስጥ ነበርና እናቴ ጭንቅ ያዛት። ስታወጣ ስታወርድ ቆይታ ለንስሐ አባታችን ደወለች፤ እኔና ቢኒያም ጆሯችንን አቁመን በሩ ሥር ተቀመጥን። «አባቴ፣ ይፍቱኝ፤ በፍልሰታ የመኪና ጌም መጫወት ኃጢአት ነው?» አለቻቸው። ለልጆቹ እንደሆነ ጠየቋት መሰለኝ፣ «የለም አባቴ፣ ለእኔ ነው» አለች። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳቻቸው፤ ሥራውን፣ ላይሰንሱን፣ ሁለቱን ጌሞች። አባ፣ በኋላ እንደነገረችን፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው፤ ሳቅ አለበት ወይ? እናቴ መዋሸት አትችልበትም። «አንደኛው አለበት አባቴ። ብዙ ሳቅ አለበት» አለች በሐፍረት። እሳቸውም ሳቁን ለፍስክ እንድታቆየው፣ ሳቅ የሌለበትን ግን ትምህርት ነውና እንድትማርበት ፈቀዱላት። ቢኒያም ሶፋው ላይ ዘለለ፤ እኔ ቤተ ክርስቲያንን ልከስ ምንም አልቀረኝም።

እናም እናቴ ፍልሰታን በእውነቱ ጌም ጾመችው። ከሥራ መጥታ፣ እህል ውኃ ሳትል፣ ነጠላዋን አደግድጋ መሪውን ትይዛለች። ለካ የተራበ ሰው አይቸኩልም። እጇ ቀስ አለ፣ እግሯ ቀስ አለ፣ ያ ጌም ደግሞ የሚወደው ይህንኑ ነው። ስትገጭ አትናደድም፤ «እግዚኦ» ብላ እንደገና ትጀምራለች፣ ልክ እንደ ስግደት። ቢኒያም ከጎኗ ተንበርክኮ «ጅራቱ ሲሸሽ ተከተይው እንጂ አትጩሂበት፤ ወደሸሸበት ነው መሪውን የምትሰጪው፣ ፍሬኑን ተይው» ይላታል፤ አባዬ ጋዜጣው ጀርባ ሆኖ ይሰማል። ጾሙ ሊያልቅ ሲል እናቴ ያን ወንድሜ ክረምቱን የጨረሰበትን ኩርባ በጎኗ፣ በጸጥታ፣ አጥሩን ሳትነካ ወጣችው። ቢኒያም አለቀሰ። እኔ ቀናሁ፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ቀናሁ።

ለመሐላው አባ ቀኖና ሰጧት፣ ከአባዬ ጋር እርቅ ወረደ፣ በመጨረሻም አንዲት ጎረቤታችን በመኪናዋ መንገድ ለመንገድ አዞረቻትና እናቴ ላይሰንሷን አገኘች። መንጃ ፈቃድ ቢሮው በር ላይ እልልታዋን ስታቀልጠው ጥበቃው ሮጦ ወጣ። የዚያኑ ዓመት ብርዱ ሲገባ አራታችን ወደ አሌክሳንድሪያ ስንሄድ፣ ከፖቶማኩ ድልድይ መውረጃ ላይ ዓይን የማያየው በረዶ ነበርና የመኪናው ጅራት ከዳን። አባዬ የበሩን እጀታ ጨብጦ ያዘ። እናቴ እግሯን ከፍሬኑ አነሳች፣ መሪውን ጅራቱ ወደሸሸበት ቀስ አድርጋ ሰጠችው፣ መኪናው አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ አለና ቀጥ አለ። ያን ጊዜ በሳቅ ፈነዳች። እኔና ቢኒያም የማን ጌም ነው ያዳነን ብለን ከኋላ ስንጣላ፣ «እጄ የእሱን አደረገ፣ አፌ ያንቺን» አለች፤ ሁለታችንም ቅር አለን።

ከዚያ በኋላማ የሰፈሩ ሹፌር እሷ ሆነች። ምጥ የያዛትን ወደ ሐኪም ቤት፣ ከአገር ቤት የመጣን እንግዳ ከኤርፖርት፣ ማየት ያቃታቸውን አሮጊቶች ከፔትዎርዝ ወደ ቅዳሴ፣ እኔን ከነሻንጣዬ ወደ ኮሌጅ፣ አባዬ ሲታመም አባዬን። በመጦሪያው ሥራ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ቆየችበት።

ቅዳሜ ዕለት ስትመጣ በመስኮት አየኋት። የመኪናዋ ቀኝ በር ላይ አዲስ ጭረት አለ። ገባች፣ ሶልያናን ሳመች፣ ስክሪኑን አየችና ፊቷ በራ፤ ሳትጠየቅ ተቀመጠች። የዛሬ ዘመን ጌም ጉድ ነው፤ የአስፋልቱ እርጥበት፣ የጎማው መሞቅ፣ መሪው እጅህን የሚገፋበት ጉልበት ሁሉ እንደ እውነቱ ነው። እናቴ መንዳት ጀመረች፤ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ግድግዳውን በቀኝ ጎኗ ገጨችው። እንደገና፣ በዚያው ጎን። ሶልያና አዘነችና «እማማ፣ ኢትስ ኦኬ» ብላ ያንን ቀላሉን ከፈተችላት። እሱንም ገጨችው። አልሳቀችም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የመረጥኳቸው ቃላት ሁሉ ጠፉብኝ፤ እውነተኛውም ሆነ የሳቁ ጌም፣ ሁለቱም የሚዋሹት አንድ ነገር እንዳለ ያኔ ገባኝ፤ ስትገጭ እንደገና ጀምር ይሉሃል።

እናቴ እጆቿን ከመሪው አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «በቀኝ በኩል የሚመጣውን አላየውም» አለች በእርጋታ፣ ስለ በሽተኛ እንደምታወራ ነርስ። «ዛሬም ድልድዩ ላይ መስመሩ ጠፍቶብኝ የፊተኛውን መኪና ተከትዬ ነው የመጣሁት። ለዚህ ነው የጠራሽኝ፣ አይደል?» «አዎ እማዬ» አልኩና እኔው አለቀስኩ። «አታልቅሺ፤ ሰው ሳልገድል ማወቄ ተመስገን ነው» አለች፤ ድምፀቷ ግን ተመስገን አይልም ነበር።

ማታ መኪናዋ እኔ ደጅ ቀረች። ላደርሳት ስንወጣ የመኪናዬን የፊት በር ከፈትኩላት፤ አልፋኝ ሄዳ የኋላውን ራሷ ከፍታ እዚያ ገባች። «ከፊት ከተቀመጥኩ እነዳለሁ፤ ላንቺም አይመችሽም» አለች። ልጅነቴን ሁሉ እኔ ከኋላ ሆኜ በመስታወቱ የማየው የእናቴን ዓይኖች ነበር፤ መንገዱን ሲያዩ፣ አንዳንዴም እኔን ሲቆጡ። ቤልትዌይ የሚባለው ቀለበት መንገድ ላይ እንደገባን መስታወቱን ቀና ብዬ አየሁት። እናቴ ራሷን መቀመጫው ላይ ጥላ ዓይኖቿን ጨፍናለች፤ ሲልቨር ስፕሪንግ እስክንደርስ አልከፈተቻቸውም።