ለኢሎና ቁርጭምጭሚት የገባ ስለት

ለተጊዮርጊስ ባሌት የሚባለውን የፈረንጅ ዳንስ መጀመሪያ ያየችው በአሥራ አንድ ዓመቷ፣ በደብረ ብርሃን አንድ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው። ዘመኑ ደርግ ነው። ስኳር ይታደላል ተብሎ ከእናቷ ጋር ተሰልፋ ሳለ፣ ጥግ ላይ በተሰቀለው ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን አንዲት ፈረንጅ ልጅ በእግር ጣቶቿ ጫፍ ቆማ እንደ እንዝርት ስትሾር አየች። እናቷ “ጠጋ በይ እንጂ” እያለች ከኋላ ትገፋታለች፤ እሷ አፏን ከፍታ ቀርታለች። ሰልፉ ጥሏት ሄደ። ስኳሩ ይድረሳቸው አይድረሳቸው ዛሬ አታስታውስም።

ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ያህል ምንም አልነበረም። መሪጌታ ወልደአረጋይን አገባች፣ ወለደች፣ ልጆቿን ዳረች። መሪጌታ በአቋቋም የተመሰከረላቸው፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው በዜማ ሲወዛወዙ ሕዝብ የሚያለቅስላቸው የማኅሌት ሰው ናቸው። እሷ ደግሞ በሴቶች ማኅበር ውስጥ ከመንዝ በግ ጠጉር ምንጣፍ ትሠራለች። በቆመው የእንጨት መሥሪያ ፊት ተቀምጣ ከጠዋት እስከ ማታ ክር ትቋጥራለች፤ አጠገቧ እንደ ታናሽ እህት የምታያት ቦሰና አለች።

ታዲያ ትልቋ ልጇ አሮጌ ስልኳን በሰጠቻት ሰሞን፣ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው “በእግር ጣት ቆሞ መጨፈር” ብላ ኢንተርኔቱ ላይ ጻፈች። የመጣውን አይታ ቆሎዋን ከጭኗ ላይ ደፋችው። ያቺ በአዳራሹ ያየቻት ልጅ ብቻዋን አልነበረችም ማለት ነው! በየአገሩ እንዲህ ያሉ ሰዎች በመቶ የሚቆጠሩ አሉ፤ በየቀኑ ይለማመዳሉ፤ ከትርኢቱ በፊት ማን የትኛውን ቦታ እንደሚደንስ ዝርዝር ይወጣል፤ ዝርዝሩን እንደ ፈተና ውጤት የሚጠብቅ፣ የሚከራከር፣ የሚያለቅስ ሕዝብ አለ። ለተጊዮርጊስም ከዚያ ሕዝብ አንዷ ሆነች። እንግሊዝኛውን በስልኩ አስተርጓሚ እየገለበጠች ታነባለች።

ኢሎና ቬርሽ የምትባለውን ያገኘቻት ያኔ ነው። ልጅቱ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር፣ በሰሜን አውሮፓ ባለ አንድ ቡድን ውስጥ፣ በመጨረሻው ረድፍ፣ ከግራ አራተኛ። ማንም አያያትም። ለተጊዮርጊስ ግን የሌሎቹን ዝላይ ትታ ይቺ ልጅ ከዝላይ ስትወርድ አየቻት። እንደ ጥጥ ነው የምትወርደው፤ መሬቱን የምታሳምመው ይመስል ቀስ ብላ።

“ይቺ ልጅ ትወጣለች” አለች ለቦሰና።

“የት?”

“ወደ ፊት ነዋ!”

ወጣችም። በሁለተኛው ዓመት ከረድፉ ተለይተው ለብቻቸው ከሚደንሱት ከአራቱ አንዷ ሆነች። በአራተኛው ዓመት ስሟ በዝርዝሩ መካከል ታየ። በሰባተኛው ዓመት አንድ ጠዋት ለተጊዮርጊስ ክሩን ጥላ ተነሣችና “ተመደበች!” ብላ ጮኸች።

“ማን? የማን ልጅ? ወረዳ ነው ዞን?” አለች ቦሰና፤ የሰፈር ልጅ ሥራ ያገኘ መስሏት።

“ኢሎና! ዋናውን ቦታ!”

“አይ እትዬ ለቴ! ያቺ የእግዜር ፌንጣ ናት? እኔ እኮ ድግስ ያለ መስሎኝ።”

ይህን ሁሉ መሪጌታ አያውቁም። ስልክ እንኳ ሰው ለልቅሶ ሲጠራቸው ካልሆነ አይነኩም። ሚስታቸው ባታቸውን ያወጡ ፈረንጆች ስታይ እንደምትውል ማን ይንገራቸው? ለተጊዮርጊስ ኃጢአት ነው ብላ አታምንም፤ አይደለም ብላ ለመናገር ግን አልደፈረችም። እንዲህ ሆና ዓመታት አለፉ።

ከዚያ ኢሎና ወደቀች። በልምምድ ላይ ከዝላይ ስትወርድ የግራ ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። ሐኪሞቹ እንደ ሰው ትሄዳለች አሉ እንጂ ትደንሳለች አላሉም። በዚያው ሰሞን በደብረ ብርሃንና በአካባቢው የስልክ ኢንተርኔት ጠፋና ለተጊዮርጊስ ከዚህ ወሬ ጋር ብቻዋን ቀረች።

ወሩ በገባ በሃያ አራት፣ በጻድቁ ቀን፣ ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው የተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ሄዳ በሩ ላይ ቆመች። ጻድቁ እግራቸው እስኪቆረጥ ድረስ ለጸሎት የቆሙ፣ ከዚያም በቀረው በአንዱ እግራቸው ሰባት ዓመት የጸኑ ናቸው። “ተክልዬ” አለች፣ “መቆም ምን እንደሆነ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ይቺን ልጅ አቁምልኝ። ከቆመች በእጄ የሠራሁትን ምንጣፍ፣ በክብርህ ቀን፣ በሕዝብ ፊት ተናግሬ አስገባለሁ።”

ቤቷ ስትደርስ ነው የተናገረችው የገባት። ምንጣፉስ ይሠራል። “ተናግሬ” ማለትን ምን አመጣው?

የማኅበሩን ምንጣፍ ለሽያጭ ወደ አዲስ አበባ የሚያደርስ ሰው ሲፈለግ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ እሷ ሆነች። አውቶቡሱ ሸኖን ሲያልፍ ስልኳ ይነቃል፤ ያኔ አገር ምድሩን ትታ ታነባለች። ኢሎና በክራንች ታየች። ኢሎና ውሃ ውስጥ ትለማመዳለች። ኢሎና ዝም አለች። አንድ ጊዜ ከወሬው ሁሉ ስሟ ጠፍቶ ስታገኘው እስከ ሰንዳፋ አለቀሰች። አጠገቧ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ ሰው የሞተባት መስሏቸው፣ “እግዜር ያጥናሽ” አሏት።

በአሥራ አራተኛው ወር፣ ኢንተርኔቱ ተመልሶ፣ ዝርዝሩ ወጣ። የመጀመሪያው ስም የኢሎና ነበር። ትርኢቱ እሑድ ከሰዓት በቀጥታ ስለሚተላለፍ፣ ሁለቱ ሴቶች በተዘጋው የሥራ ቤት ውስጥ ስልኩን ከጠጉር ክምር ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። ታሪኩ ባሏን ባሕር የወሰደባት የዓሣ አጥማጅ ሚስት ታሪክ ነው። ሴትየዋ ከባሕሩ ዳር ትቆምና ትጠብቃለች። ኢሎና መጣች፣ አንድ እግሯን ወደ ኋላ አነሣች፣ በዚያ በተሰበረው በግራው ጣት ጫፍ ላይ ቆመች። ሙዚቃው ዝም አለ። ቆመች። የሚይዛት ሰው የለ፣ የምትደገፈው የለ፤ የሰውነቷ ክብደት ሁሉ ከአንድ ጣት ባልበለጠ ቦታ ላይ ነው። ለተጊዮርጊስ ስልኩ ላይ አጎነበሰች። የሰው ልጅ እንዲህ መሆን ይችላል ብሎ ማን ነገራት? ጌታ ይህን ሥጋ ሲሠራ እንዲህ ያለውንም ነገር አስቦበት ኖሯል።

“ኧረ እትዬ” አለች ቦሰና ክንዷን ጨምድዳ ይዛ፣ “በቃሽ በያት! ትውረድ!”

ኢሎና ስትወርድ ቦሰና ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ፣ “ከእንግዲህ ፌንጣ አልላትም” አለች።

ምንጣፉ የተሠራው በአንድ ወር ነው፤ ቡናማ፣ ዳሩ ነጭ። ቦሰና አብራ እየቋጠረች ትመክራለች። “ለዘመድ ነው በይ። ማን ይመረምርሻል? መሪጌታን በሕዝብ ፊት ልታዋርጃቸው ነው?”

“ለጻድቁ ልዋሽ?”

“ለጻድቁ አይደለም፤ ለሰው ነው የምትዋሺው።”

ለተጊዮርጊስ ቀጣዩን ክር ቋጠረች።

ጥር ሃያ አራት ቀን፣ የጻድቁ እግር የተሰበረበት መታሰቢያ፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት አደረ። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በዐውደ ምሕረቱ ተሰብስቦ ስለት ይነገር ጀመር። ለተጊዮርጊስ በሩን ስትሳለም፣ ምንጣፉን የተሸከመችው ቦሰና ቀድማ ለስለት መዝጋቢው እንደ ራሷ ምክር ነገረችላት። ማይክራፎኑን የያዙት ቄስ ዘሥላሴ ናቸው።

“የመሪጌታ ባለቤት ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ፣ የእህታቸው ልጅ እግር ተሰብሮ፣ ለጻድቁ ተስለው፣ ስለታቸው ሰምሮላቸው ይህን ምንጣፍ አስገብተዋል! እልል በሉ!”

እልልታው ተነሣ። ከሊቃውንቱ መካከል መሪጌታ ቀና አሉ። ሚስታቸው እህት እንደሌላት ያውቃሉ። ለተጊዮርጊስ ዓይናቸውን አየች። ዝም ብትል ነገሩ በዚሁ ያልቅ ነበር።

“አይደለም አባቴ” አለች።

እልልታው ተቆረጠ።

“ምኑ ነው ያይደለው?” አሉ ቄስ ዘሥላሴ ማይክራፎኑን ከአፋቸው ሳያወርዱ።

“የእህቴ ልጅ አይደለችም። እህትም የለኝ። የባዕድ አገር ልጅ ናት፤ በእግሯ ጣት ቆማ ባሌት የምትደንስ። በስልክ ነው የማያት፤ እሷ አታውቀኝም። እግሯ ቢሰበር አንጀቴ አልችል አለና ተሳልኩ።”

አንድ ሰው ሳቀ። “ለጨፋሪ ስለት!” የሚል ድምፅ ከሴቶቹ በኩል ተሰማ። ቄስ ዘሥላሴ ግራ ተጋብተው ወደ መሪጌታ ዞሩ። “መሪጌታ፣ ምን ይላሉ?”

መሪጌታ መቋሚያቸውን እየተደገፉ ወደ ፊት መጡ። ከሌሊቱ ጀምሮ በማኅሌት ቆመው ነበርና ቀስ እያሉ ነው የተራመዱት። ደቀ መዝሙር እንደሚጠይቁ ሆነው ጠየቁ።

“ምን ያህል ጊዜ ተኛች?”

“ዓመት ከሁለት ወር።”

“የትኛው እግሯ ነው?”

“ግራው።”

“አሁን በግራው ቆመች?”

“ቆመች። በጣቷ፣ ብቻውን።”

“ምን ያህል?”

ለተጊዮርጊስ አሰበች። ሰከንድ ብትላቸው ማን ይረዳታል? “አቡነ ዘበሰማያት ተጀምሮ እኩሌታው እስኪደርስ” አለች።

ሕዝቡ ውስጥ እንደ ነፋስ የሆነ ድምፅ አለፈ። እያንዳንዱ ሰው በልቡ ጸሎቱን ጀምሮ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ይታወቅ ነበር። ከፊት የተቀመጡ አንዲት መነኩሴ ዓይናቸው በራሳቸው እግር ላይ ቀርቶ፣ “በጣት? እግዚኦ!” አሉ።

“ጻድቁ ሰምተዋታል” አሉ መሪጌታ፤ “ቄስ ዘሥላሴ፣ እርስዎም ይቀበሏት እንጂ።”

እልልታው አሁን ከመጀመሪያው በለጠ። መነኩሴይቱ ተነሥተው ነው እልል ያሉት። ለተጊዮርጊስ ቆማ ሰማችው፤ በዚያ ሩቅ ከተማ ኢሎና ይህን ጊዜ ግድግዳው ላይ ያለውን የመለማመጃ ብረት ይዛ ትለማመድ ይሆናል፣ እዚህ ውርጭ ላይ ይህ ሁሉ ሕዝብ ለቁርጭምጭሚቷ እልል እንደሚል ምን አውቃ!

ወደ ቤት ሲመለሱ መሪጌታ ትንሽ ቀደም ብለው ይሄዱ ነበር።

“ተቀይመውኛል?” አለቻቸው።

“ስለ ደበቅሽኝ፣ አዎ።”

ጥቂት ተራመዱ። ከዚያ ዞር ሳይሉ፣ “ያን ያህል ስትቆም” አሉ፣ “እጇን የት ታደርገዋለች?”

ለተጊዮርጊስ መንገዱ መሐል ቆመች፤ ነጠላዋን ጥላ እንደ ኢሎና እጆቿን ዘረጋች። መሪጌታ ተመልሰው መጥተው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው አዩ።