ሕፃናቱን ፈቃድ የሚጠይቁት አክስቴ

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አክስቴ ላሊበላ ውስጥ የሕፃናት ክፍል ነርስ ነበሩ። የታመመ ልጅ ከመንካታቸው በፊት «ልንካህ ወይ፣ የኔ ጌታ?» ብለው ይጠይቁት ነበር። እኔም ነርስ ሆኜ አብሬያቸው ስሠራ፣ ከኮን ከተማ የመጣ ራሱን የሳተ ልጅ ሲጠይቁ ሰማሁና «እትዬ፣ እሱ እኮ አይሰማም» አልኳቸው።

«እናቱ ትሰማለች» አሉኝ።

ልጁ በማግስቱ ሞተ። አክስቴም በዓመቱ አረፉ።

ባለፈው ሳምንት ያቺው እናት ጨቅላ ልጇን ታቅፋ መጣች። «ስም እንዲያወጡላት ብዬ ነው፤ የት አሉ?» አለችኝ። ማረፋቸውን ስነግራት አለቀሰች። ቆይታ ሕፃኗን አሳቀፈችኝና «እንግዲያ አንቺው አውጪላት» አለች።

ማልቀስ ይሁን መሣቅ ያለብኝ ጠፋብኝ። የመጣልኝ የአክስቴ ስም ብቻ ነበር፤ እሱን ከማውጣቴ በፊት ግን ሕፃኗን «በእሳቸው ስም ልጥራሽ ወይ፣ የኔ እመቤት?» ብዬ ጠየቅኋት።